ወደ መንገድ የሚያዩ ዓይኖች

ከሞጆ ተነሥቶ በመቂ በኩል ወደ ሐዋሳ የሚወርደውን አሮጌ መንገድ ብዙ ሰው ያውቀዋል። ቲማቲሙ በየሣጥኑ ተደርድሮ፣ ሐብሐቡ ተከምሮ፣ ዓሣው በልጆች እጅ ተንጠልጥሎ ይታያል። ባቱ ታልፎ ወደ ሻሸመኔ ሲኬድ ደግሞ ከግራሩ ሥር በቀይና በአረንጓዴ፣ በሰማያዊና በቢጫ ቀለም የደመቁ መቃብሮች ብቅ ይላሉ። ፈረስ ይሁን አንበሳ፣ ጦር ይሁን ጠመንጃ በቅጡ ሳይለይ መኪናው ያልፋቸዋል። ሾፌሩ አይቆምም፤ ተሳፋሪውም አቁም አይለውም። በዚህ ወግ ስለ እነሱ ላወራ ነው። ነገር ግን ወደ እነሱ ያደረሰኝ ጉዞ ጠመዝማዛ ስለነበረ አንባቢዬ ትንሽ ይታገሠኝ።

ከአዲስ አበባ ስነሣ በልቤ የያዝኩት ሌላ ነበር። ኅዳር 21 ቀን የጽዮን ማርያም በዓል ነው፤ በዓሉን ደብረ ጽዮን ደርሼ ለማክበር ለብዙ ጊዜ ተመኝቻለሁ። ደብረ ጽዮን የምንለው ከዝዋይ ሐይቅ ደሴቶች ትልቁና ተራራማው ቱሉ ጉዶ ሲሆን የማርያም ጽዮን ገዳም ያለው እዚያ ላይ ነው። ዮዲት ጉዲት አክሱምን ባጠፋች ጊዜ ካህናቱ ታቦተ ጽዮንን ይዘው ወደ ደቡብ ሸሹ፣ በዚህ ደሴት አኖሯት፣ አገር ሲረጋጋም መለሷት ይላል ትውፊቱ። በደሴቶቹና በዳርቻው የሚኖሩት ዛዮች ያንን ታሪክ እንደራሳቸው የዘር ታሪክ ይተርኩታል። ቋንቋቸው ከስልጢኛና ከሐረሪ ጋር የሚዛመድ ሴማዊ ቋንቋ ነው፤ ዙሪያውን በኦሮምኛ ተናጋሪ ተከብበው ስንት ዘመን ጠብቀው አቆይተውታል። በገዳሙም የብራና መጻሕፍት አሉ። ይህን ሁሉ በዓይኔ ለማየት ነበር ሐይቁ ዳር ካለችው ባቱ የገባሁት።

ሐይቁ ግን ሌላ ሐሳብ ነበረው። ዝዋይ ሰፊ ቢሆንም ጥልቀት የለውም፤ ጥልቅ በሆነበት ቦታ እንኳ ከዘጠኝ ሜትር ብዙም አያልፍም። እንዲህ ያለ ውኃ ነፋስ ሲነካው ወዲያው ይታወካል። ዓሣ አጥማጆቹ በማለዳ ወጥተው ነፋሱ ሳይነሣ የሚመለሱት ለዚህ ነው። እኛ የተሳፈርንበት ጀልባ የዋዜማውን ሰው፣ ጧፉን፣ ዕጣኑንና የድግሱን ዱቄት ሲጭን ረፈደበት። ከዳር ብዙ ርቀን ሳለ ሞተሩ ጠፋ። ማዕበሉ ጀልባዋን ወደ ጎን እየገፋ ውኃው በጫፏ ሲገባ ሕፃናቱ ማልቀስ፣ እናቶች የማርያምን ስም መጥራት ጀመሩ። ባለጀልባው ልጅ ቢሆንም ልቡ የአዋቂ ነበር፤ አልተደናገጠም፣ ማንንም አልተቆጣም። ገመዱን እየደጋገመ ጎትቶ ሞተሩ በመጨረሻ ሲነሣ ዓይኑን ከደሴቱ ላይ ሳያነሣ ጀልባዋን ወደ ኋላ አዞራት። «ዛሬ አይሆንም» አለ። የተቃወመው ሰው አልነበረም።

ወደቡ ላይ ልብሴን ሳደርቅ አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት የዛይ እናት ፊቴን አይተው፣ «አይዞህ ልጄ፤ መምጣትህን እሷ አይታዋለች» አሉኝ። የዓሣ ሆድ ዕቃ የሚጠባበቁት አባ ኮዳዎች በረጃጅም እግራቸው በመካከላችን ይመላለሱ ነበር። እኒያ እናት ዱቄታቸው ርሶባቸው ሳለ እኔን ማጽናናታቸው ከልቤ አልወጣም።

በማግስቱም ነፋሱ አልበረደም። ሻሸመኔ ደግሞ የምደርሰው ለቅሶ ነበረኝ፤ ደሴቱን በሩቁ ተሳልሜ አባዱላ ተሳፈርኩ። ከአዳሚ ቱሉ አለፍ እንዳልን ጎማው ፈነዳ። ረዳቱ ክሪክ አውጥቶ ስኮርታውን ሲያወርድ እሱም ተንፍሶ ተገኘ። ሁለቱን ጎማ በሞተር ሳይክል ጭኖ ወደ ባቱ ጎሚስታ ሲመለስ እኛ በየግራሩ ጥላ ተበታተንን። ፀሐዩ ያቃጥላል፣ አቧራው ዓይን ያጠፋል። ጥላ ፍለጋ ራቅ ብዬ ስሄድ ከአንድ ትልቅ መቃብር ፊት ቆምኩ። ከመስኮት ስንት ጊዜ አይቼ ያለፍኩት ዓይነት ነው።

በድንጋይና በሲሚንቶ የተገነባ፣ አራት ማዕዘን፣ ቁመቱ እስከ ደረቴ የሚደርስ ነው። በየማዕዘኑ ሾጠጥ ያለ አጭር ዓምድ ቆሞለታል። ወደ አስፋልቱ በዞረው ግድግዳ ላይ ነጭ ፈረስ ይጋልባል። ጋላቢው በግራ እጁ ልጓም፣ በቀኝ እጁ ጦር ይዟል። ከኋላው ቀንዷ እስከ ግድግዳው ጫፍ የተዘረጋ ላም ከነጥጃዋ ትከተለዋለች፤ በላያቸው ጨረቃና ኮከብ አለ። ቀረብ ብዬ ሳየው የፈረሱ ሆድ ላይ ቀለሙ ተላጧል፤ በተላጠው በኩል ከሥር የሌላ ፈረስ እግር ይታያል፣ ቀይ ነው። አንድ ሰው አሮጌውን ፈረስ በአዲስ ፈረስ አድሶታል። ከሁሉ ይልቅ የያዘኝ ግን የጋላቢው ፊት ነው። ፈረሱ በጎን ተስሎ ሳለ ሰውየው ፊቱን ሙሉ በሙሉ ወደ መንገዱ አዙሮ በሁለት ትልልቅ ዓይኖች ያየኛል።

ከብት የሚጠብቁ አዛውንት ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው ወደ እኔ መጡ። ሰላምታ ሰጠኋቸው፤ «ኦቦ፣ እዚህ መቆሜ ነውር ይሆን?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ነውሩ ሳያዩ ማለፍ ነው» አሉኝ። «ይህ የታላቅ ወንድሜ ነው። ፈረስ ይወድ ነበር። ልጆቹ ልጆች ሳሉ ቀይ ፈረስ አሠራንለት፤ አድገው ገንዘብ ሲያገኙ እነሱ ደግሞ ነጭ አሠሩለት።»

«ማን ሣለው?»

«የሻይ ቤት ግድግዳ የሚስል ልጅ ነው። እኛ ወንድሜ ምን እንደሚወድ ነገርነው፣ እሱ ሣለው።»

«ለምን ወደ መንገዱ ዞረ?»

አዛውንቱ አስፋልቱን በዱላቸው አመለከቱ። «የሚያልፈው ሰው ያያል፤ ‹የማን ነው?› ይላል። የሚያውቅ ስሙን ይነግረዋል። ስሙ ከተጠራ አልሞተም።»

ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና ሌላም ነገሩኝ። መቃብር ላይ ሥዕል መሣል በሃይማኖት አይፈቀድም የሚሉ ወጣቶች በአካባቢው በዝተዋል። «አልከራከራቸውም፤ ቁርኣኑን ከእኔ ይልቅ ተምረዋል። የአዲሱን እንደወደዱ ይሥሩ፣ የተሠራውን ግን አይንኩብን ብዬ ለምኛቸዋለሁ» አሉ። የልጅ ልጃቸውን ጠርተው በጮጮ ወተት አስመጡልኝ። ጎማው ተጠግኖ ረዳቱ እስኪጠራኝ ድረስ ከመቃብር ወደ መቃብር እየወሰዱ አሳዩኝ። በአንዱ አንበሳ፣ በሌላው ጠመንጃ ያነገተ ሰው አለ። በአርሲ ምድር አውሬ የገደለ ሰው ሲከበር የኖረበት ዘመን ሩቅ አይደለምና አንበሳው ለጌጥ ብቻ የተሣለ አይደለም፤ የሟቹ ምስክር ነው።

ሟችን በመሣሪያው ማስታወስ በዚህ አገር ጥንታዊ ነው። ከባቱ በስተ ሰሜን፣ በጉራጌ ምድር ያሉት የጢያ ትክል ድንጋዮች ላይ ጎራዴዎች ተቀርጸዋል፤ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል። ጢያ አጥርና አስጎብኚ አለው። እነዚህ መቃብሮች ግን ያላቸው ጠባቂ የሟቹ ልጅና የአንድ አዛውንት ልመና ነው።

ከለቅሶው ስመለስ ባቱ ላይ ወረድኩ። መንገዱ ዳር ትልቅ ባለ ዘርፍ ጥላ ተዘርግቷል። ከሥሩ በነጠላ በተሸፈነ ወንበር ላይ ሥዕለ አድኅኖ ተቀምጧል፤ ፊት ለፊቱ ሸማ ተነጥፎ ሳንቲምና ብር ተበትኖበታል። አንድ ዲያቆን በድምፅ ማጉያ ለሕንጻ ቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ ይለምናል። ባጃጆች ፍጥነታቸውን ቀንሰው ብር ይጥላሉ፤ የከባድ መኪና ሾፌር በመስኮቱ ያማትባል። ይህን በየአገሩ መውጫ ያላየ የለም። የትናንቱ ፈረሰኛ ዓይኔን ከፍቶልኝ ስለነበር ግን እኔም ተሳልሜ ሥዕሉን ተጠግቼ አየሁት።

የቅዱስ ገብርኤል ሥዕል ነው፤ ሠለስቱ ደቂቅን ከእሳት ሲያወጣ። ከማተሚያ ቤት የወጣው አንጸባራቂ ወረቀት አልነበረም፤ በሸራ ላይ በእጅ ተሥሎ በጣውላ ላይ የተለጠፈ አሮጌ ሥዕል ነው። ሦስቱ ልጆች በእሳቱ መካከል ቆመው በሙሉ ፊታቸው፣ በሁለት ሁለት ትልልቅ ዓይናቸው ተመልካቹን ያያሉ። ናቡከደነፆር ግን በጎን ተሥሏል፤ የሚታየው አንድ ዓይኑ ብቻ ነው። የአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች ሕግ ይኸው ነው፤ ጻድቁ በሁለት ዓይኑ ሕዝብን ያያል፣ ክፉው አንድ ዓይኑን ይዞ ፊቱን ይመልሳል።

የሻይ ቤቱ ሠዓሊ ይህን ሕግ ከማን ተማረ? የተማረ አይመስለኝም። ስሙ እንዲጠራ የተመኘንለት ሰው ዓይኑን ወደ እኛ ማዞር እንዳለበት እጁ ያውቃል። በአንዱ ላይ ጨረቃ፣ በሌላው ላይ መስቀል አለ፤ ሁለቱም ግን ቤት ውስጥ ሆነው የሚጠብቁን ሥራዎች አይደሉም። መንገድ ዳር ወጥተው መንገደኛውን ይለምኑታል፤ አንዱ «ስሜን ጥራ»፣ ሌላው «ቤቴን ሥራ» ይላል። የእምነት ጥበብ ከሕዝብ ጋር እንዲህ ፊት ለፊት ሲነጋገር ሌላ የት ይታያል?

በእርግጥ በሌላም አገር አለ። ሮማኒያ ውስጥ ሰፐንጻ በምትባል መንደር ስታን ዮአን ፓትራሽ የሚባል እንጨት ጠራቢ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አጋማሽ በመቃብር መስቀሎች ላይ የሟቾቹን ሥራና ኑሮ እየሣለ በሰማያዊ ቀለም ይቀባ ጀመር። ላም አላቢዋ ከላሟ፣ እረኛው ከበጎቹ ጋር ተሣሉ። እሱ ሲሞት ደቀ መዝሙሩ ቀጠለ፤ ዛሬ ያችን የገጠር መንደር ለማየት ከዓለም ዙሪያ ሰው ይጎርፋል። የእኛው ፈረሰኛ ከዚያ መስቀል በምን ያንሳል? የሰፐንጻ ሰዎች ሥራው ሥራ መሆኑን አምነው፣ ለሚቀጥለው እጅ አስተምረው አቆዩት። ልዩነቱ ይህ ነው።

እኛ ዘንድ ጊዜው እየሮጠ ነው። ከሞጆ እስከ ሐዋሳ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚዘልቅ የፍጥነት መንገድ ታቅዶ ባቱ ድረስ ያለው ተከፍቷል። ሕይወት የሚያተርፍ፣ ጊዜ የሚቆጥብ መንገድ ነውና ደስ ይለኛል። ሆኖም ፊታቸውን ወደ አሮጌው አስፋልት ያዞሩ መቃብሮች መንገደኛው ሲርቃቸው የሚያናግሩት ያጣሉ። በእጅ የተሣለውን ሥዕለ አድኅኖም የታተመው ወረቀት እየተካው ነው። ወረቀቱ ርካሽ ነው፣ ያንጸባርቃል፤ የባቱ ሠዓሊ እጅ ግን የለበትም።

የሚደረገው ነገር ውድ አይደለም። የየወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ከቤተሰብ ፈቃድ ጠይቆ መቃብሮቹን በፎቶግራፍ ይመዝግብ፤ የሟቹን ስምና የሠዓሊውን ስም አብሮ ይጻፍ። አዛውንቶቹ በሕይወት ሳሉ ታሪኩን ይቅዳ። ሃይማኖቱ አይፈቅድም የሚለው ወጣት ክርክሩን በአዲሱ መቃብር ላይ ያድርግ፣ የአባቶቹን ግን ይተውልን። አጥቢያዎቻችን ቢያንስ ለመንገድ የሚያወጡትን አንድ ሥዕል በአካባቢያቸው ሠዓሊ ያሠሩ። የዝዋይ ሐመረ ብርሃን ቅዱስ ገብርኤል ገዳም እዚሁ ባቱ ነው፤ አቡነ ጎርጎርዮስ ካህናትን ያስተማሩበት ቦታ ነውና ሥዕል የሚማር ልጅም ቢጨመርበት ለመምህሩ ክብር ነው።

ደብረ ጽዮን ነፋሱ ሲፈቅድ እደርሳለሁ። እስከዚያው በዚያ አሮጌ መንገድ የሚያልፍ ሰው ባለ መኪና ከሆነ ዳር ይያዝ፤ ተሳፋሪ ከሆነም «ወራጅ አለ!» ይበል። ወርዶ ከግራሩ ሥር ካለው ግድግዳ ፊት ይቁም፣ የማን እንደሆነ ይጠይቅ፣ ስሙን ጮክ ብሎ ይጥራ፤ እንደ እምነቱም «ነፍስ ይማር» ወይም «አላህ ይዘንለት» ይበል።