አሥራ አራት ድል፣ ዜሮ ነጥብ

የአንድን ክለብ የውድድር ዘመን የሚመረምር ሰው በቅድሚያ የሚያየው የደረጃ ሰንጠረዡን ነው፤ ይህ ልማድ ግን የአውስትራሊያውን ሜልበርን ስቶርም የእ.ኤ.አ. 2010 ዘመን ለመረዳት አንዳች አይፈይድም። ክለቡ የሚወዳደርበት ራግቢ ሊግ፣ በየወገኑ 13 ተጫዋቾች ሞላላ ኳስ በእጅ ይዘው እየተላተሙ ከባላጋራቸው የመጨረሻ መስመር ወዲያ መሬት ለማስነካት የሚታገሉበት፣ ኳስ የያዘውም ቡድን ስድስት ጊዜ ተይዞ ከወደቀ ኳሱን የሚያስረክብበት ጨዋታ ነው። በዚያ ዓመት ሰንጠረዥ የስቶርም መስመር «ተጫወተ 24፣ አሸነፈ 14፣ ተሸነፈ 10፣ ነጥብ 0» ይላል፤ ደረጃውም ከ16 ክለቦች 16ኛ ነው። ከእርሱ በላይ የተቀመጠው ኖርዝ ኩዊንስላንድ ካውቦይስ ያሸነፈው አምስት ጨዋታ ብቻ መሆኑ ሲታሰብ፣ ሰንጠረዡ የተሠራው ተገልብጦ ነው ብሎ የሚጠረጥር አንባቢ አይፈረድበትም።

የነገሩ ሥር የደመወዝ ጣሪያ ነው፤ ይኸውም አንድ ክለብ በዓመት ለተጫዋቾቹ ሊከፍል የሚፈቀድለት የመጨረሻ የገንዘብ ልክ ሲሆን፣ የተደነገገው ባለጸጋው ክለብ ጎበዞቹን ሁሉ ሰብስቦ ሌሎቹን አጃቢ እንዳያደርጋቸው ነው። ስቶርም ካሜሮን ስሚዝን፣ ቢሊ ስሌተርን፣ ኩፐር ክሮንክንና ግሬግ ኢንግሊስን የመሰሉ ተጫዋቾችን በአንድ ዘመን ስላፈራ፣ የሁሉም ዋጋ በአንድነት ሲወደድ በሕጋዊው ልክ ማኖር ተሳነው፤ ስለዚህም በክለቡ ሁለት መዝገብ ተያዘ፣ አንዱ ለተቆጣጣሪ የሚታይ፣ ሌላው እውነቱ የሚጻፍበት። ይህ ብልሃት ከራግቢ ይልቅ በንግዱ ዓለም የታወቀ ስለሆነ ሰፊ ማብራሪያ አያሻውም።

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 22 ቀን 2010 የሊጉ ሥራ አስኪያጅ ዴቪድ ጋሎፕ፣ ክለቡ በአምስት ዓመት ውስጥ ከጣሪያው 1.7 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ያህል አልፎ መክፈሉን አስታወቁ። የ2007ና የ2009 የሻምፒዮንነት ክብሮች ተነጠቁ፣ በስድስት ጨዋታ የተገኙት ስምንት ነጥቦች ተሰረዙ፤ ከሁሉ የሚገርመው ግን ቡድኑ የቀሩትን 18 ጨዋታዎች ያለ ነጥብ እንዲጫወት መፈረዱ ነው። ላም አለኝ በሰማይ እንዲሉ፣ ከዚያ ወዲያ ስቶርም ሲያሸንፍ ድሉ ይመዘገባል እንጂ ነጥቡ አይታይም። በሊጉ ደንብ በአንድ ሳምንት ተጋጣሚ ያልደረሰው ክለብ ቤቱ ተቀምጦ እንዳሸነፈ ተቆጥሮ ሁለት ነጥብ ይታሰብለታል፤ ለስቶርም ግን የዕረፍቱም ነጥብ ስለተከለከለ፣ ሳይለፋ ማግኘት ቀርቶ ለፍቶም አላገኘ። የክለቡ ባለቤት ኒውስ ሊሚትድ የሊጉ ግማሽ ባለድርሻም ስለነበር፣ ከሳሽና ተከሳሽ ከአንድ መሶብ ይቆርሱ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከፍርዱ በሦስተኛው ቀን ቡድኑ ከኒውዚላንድ ዋሪየርስ ጋር ተጋጥሞ 40 ለ6 አሸነፈ። ተመራማሪ ሊቆይበት የሚገባው እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ስፖርተኛ የሚደክመው ለነጥብ ነው የሚለው ንድፈ ሐሳብ፣ በአሠልጣኝ ክሬግ ቤላሚ የሚመሩት እነዚህ ሰዎች ለምንም የማይቆጠር ኳስ ይዘው ደረት ለደረት ሲላተሙ ክፉኛ ይናጋል። በእርግጥ ወር ሲሞላ ደመወዛቸው ይደርሳቸው ነበር፤ የተጣሉትም ለዚሁ ደመወዝ ነበርና።

ገንዘብ በዚህ ጨዋታ ላይ የዘመኑ መጤ ነው ብሎ የሚያዝን ቢኖር፣ የጨዋታውን ልደት ማስታወስ ይበጀዋል። ራግቢ ሊግ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1895 በእንግሊዝ ሀደርስፊልድ ከተማ፣ የሰሜኑ ክለቦች ለጨዋታ ሲሉ ከሥራ ለሚቀሩ ሠራተኞች የቀረ ደመወዛቸውን እንካሳለን ብለው፣ ክፍያን እንደ ነውር ከሚያየው ማኅበር በተገነጠሉ ጊዜ ነው። ያን ጊዜ ኃጢአቱ መክፈል ነበር፤ ከ115 ዓመት በኋላ ደግሞ አብዝቶ መክፈል ሆነ።

የተነጠቁት ሁለቱ ክብሮች ለማንም አልተሰጡም። በ2007 ፍጻሜ 34 ለ8 የተረታው ማንሊ፣ በ2009 ደግሞ 23 ለ16 የተረታው ፓራማታ፣ ሁለተኛ እንደሆኑ ቀሩ። የፓራማታ ደጋፊዎች በሌባ ተሸነፍን ብለው ለመማረር ሙሉ መብት ነበራቸው፤ መብቱም የጸናላቸው ክለባቸው በ2016 የደመወዝ ጣሪያውን ጥሶ ተገኝቶ አንድ ሚሊዮን ዶላር እስኪቀጣና 12 ነጥብ እስኪነጠቅ ድረስ ነበር።