ስለ መጋረጃው 20 ሪያል

ለ፦ ከሐረም ብዙም ለማይርቀው ምግብ ቤት የሒሳብ ክፍል
መካ

ጉዳዩ፦ ለተደረገልን መስተንግዶ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፤

የቤታችሁን ስም በዚህ ደብዳቤ አልጠራም። ስም መጥራት ማስታወቂያ ነው፤ ማስታወቂያ ደግሞ በነጻ አይሠራም። በነጻ የሚሰጥ ነገር እንደሌለ ያስተማራችሁኝ እናንተው ናችሁ።

እኔ ጅዳ፣ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ተቆጣጣሪ ነኝ። ካርቶን ስቆጥር ውዬ ካርቶን ስቆጥር አመሻለሁ። ስለዚህ ያን ምሽት የሰጣችሁኝን ወረቀት ሳነብ የተሰማኝ ንዴት ብቻ አልነበረም፤ የሙያ ቅናትም ነበረበት። ከሦስት ሰሃን ምግብ አሥር መስመር ሒሳብ ማውጣት እንዲህ በቀላሉ የሚገኝ ችሎታ አይደለም። እኛ መጋዘን ውስጥ እንዲህ የሚቆጥር ሰው ቢኖር ኖሮ ባዶው መደርደሪያ ሁሉ ሞልቶ ይታይ ነበር።

ነገሩን ከረሱት ላስታውስዎ። እናቴ ከወሎ፣ ከሐይቅ የመጣችው ለዑምራ ነው። ጠዋፏን አድርጋ፣ በሰፋና በመርዋ መካከል ሰባቱን ምልልስ በእግሯ ጨረሰች። «ተሽከርካሪ ወንበር ልያዝልሽ?» ብላት «እግር የተሰጠኝ ለምን ሆነና!» አለችኝ። ከዒሻ ሶላት በኋላ ስንወጣ ግን ጉልበቷ ከድቷት ነበር። «ዛሬስ ጥሩ ቤት ገብተን ነው የምንበላው» አልኩ። እንዲህ ያለ ነገር ከአፌ ከመውጣቱ በፊት ኪሴን መዳሰስ ነበረብኝ።

አስተናጋጃችሁ በሩ ላይ «ቤተሰብ?» ብሎ ጠየቀ። እናትና ልጅ ቤተሰብ ነው፤ «አዎ» አልኩ። ጥግ ወስዶ አስቀመጠንና መጋረጃ ሳበብን። ስለዚህ መጋረጃ ጥቂት ልበል፤ የከፈልኩበት ነውና። ቡናማ ነው። አንድ ወገኑ ላይ የስንት ሰው እጅ እንደነካው የማይታወቅ የቅባት መስመር አለ። ሦስት ቀለበቶቹ ስለወለቁ እስከ ጫፍ አይዘጋም፤ በክፍተቱ የሚያልፈው ሁሉ እያየን ያልፋል። እናቴ «ምን ልንሠራ ነው የሚጋርዱን?» ብላ ሳቀች።

ሜኑው ላይ የበግ መንዲ ለአንድ ሰው 65 ሪያል ይላል። ግማሽ ዶሮ ከሩዝ ጋር 28፣ የምስር ሾርባ 12። ጠቅላላ 105 ሪያል። ግርጌው ላይ በዐረብኛ «ዋጋው የተጨማሪ እሴት ታክስን ያካትታል» የሚል መስመር አለ፤ አንብቤዋለሁ፤ ማንበብ እችላለሁ። ሁለት ውሃም አዘዝን። ሌላ ነገር አላዘዝንም። ነገር ግን ሰላጣ መጣ። የተከተፈ ኪያርና ሁለት ቅጠል፣ ከላዩ ግማሽ ሎሚ። ቀጥሎ በክዳን የተዘጋ ሁለት ትንንሽ ስኒ ዳኩስ፣ የቲማቲም ማባያ፣ መጣ። እናቴ «ማሻአላህ፣ እንግዳ ያከብራሉ» አለች። እኔም እንደ እሷ መሰለኝ።

ከዚያ ወረቀቱ መጣ። ሰላጣ 14። ዳኩስ 6። ሁለት ውሃ 8። የተረፈውን ሩዝ የጨመራችሁበት የቴክአዌይ ሣጥን 5። «የቤተሰብ ክፍል» 20። ይሄ መጋረጃው ነው። ከምግቡ ጋር ድምሩ 158። ከዚያ አገልግሎት 10 በመቶ፣ 15 ሪያል ከ80 ሃላላ። በዚያ ላይ ታክስ 15 በመቶ፣ 26 ሪያል ከ7 ሃላላ። ሁሉም ሲደመር 199 ከ87 ይመጣል፤ እናንተ 200 አደረጋችሁት። የመጨረሻዋ 13 ሃላላ ለምን እንደሆነች ባንኮኒው ጋ መጥቼ እርስዎን ብጠይቅ በእጅዎ ዝንብ እንደማባረር ያለ ምልክት አሳዩኝ። ወላሂ፣ ከሁሉ ይልቅ የወደድኳት እሷን ነው። ሌሎቹ ስም አላቸው፤ እሷ ያለ ስም ነው የሄደችው።

ካርዴን ሳወጣ «ማሽኑ ተበላሽቷል» አሉኝ። ከፊቴ የነበረው ሰውዬ ካርዱን አስነክቶ ሲወጣ አይቼዋለሁ፤ እኔ ጋ ሲደርስ ሞተ ማለት ነው። በዚህ ሀገር የችርቻሮ ነጋዴ ሁሉ እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2020 ጀምሮ በካርድ የመቀበል ግዴታ እንዳለበት ለእርስዎ መንገር ድፍረት ይሆንብኛል። ኪሴ ውስጥ 150 ሪያል ነበር። «ኢቃማህን አስቀምጥና ኤቲኤም ሄደህ አምጣ» አሉኝ። ሰልፍ የያዘው ሰው ሁሉ እየሰማ ነው ያሉት። ኢቃማዬን፣ የመኖሪያ ፈቃድ ካርዴን፣ ተቀብለው ከጥርስ መጎርጎሪያው ብርጭቆ ጋር አስደገፉት፤ ፎቶዬ ወደ ሰልፉ ዞሮ። እናቴን ባንኮኒው አጠገብ የፕላስቲክ ወንበር ላይ አስቀምጬ ወጣሁ። ሐበሻ በሌሊት ያለ ኢቃማ መንገድ ሲወጣ እንዴት እንደሚራመድ፣ የፖሊስ መኪና ባየ ቁጥር ወደ የትኛው ሱቅ እንደሚታጠፍ፣ እርስዎ በመስኮትዎ በየቀኑ የሚያዩት ነው።

ስመለስ 200 ሪያሉን ቆጠሩ። ሁለት ጊዜ ቆጠሩ። ኢቃማዬን በባንኮኒው ላይ ገፍተው መለሱልኝና እናቴን እያዩ እንዲህ አሉ፦ «ያ ሐጃ፣ መክፈል ካቃታችሁ ሐረም በር ላይ በነጻ ምግብ ይታደላል፤ ሌላ ጊዜ እዚያ ብሉ።»

እናቴ ዐረብኛ አትሰማም። «ምን አሉኝ ልጄ?» አለች። ምን ልበላት? «ዱዓ አድርጊልን ነው የሚሉሽ» አልኳት።

ሁለት እጇን አነሳች። ባንኮኒዎ ፊት፣ ሰልፉ መሐል። «ሥራችሁን አላህ ያስፋው። ከክፉ ዓይን ይሰውራችሁ። ልጆቻችሁን ለወግ ለማዕረግ ያብቃላችሁ። ገንዘባችሁን ሐላል ያድርግላችሁ።» ከኋላችን የነበሩ አንድ ሁለት ሰዎች «አሚን» አሉ። እርስዎም «አሚን» አሉ። ለዱዓው ያስከፈልናችሁ ነገር የለም፤ የአገልግሎት 10 በመቶም አልጨመርንበትም።

ክቡር ሆይ፣ እስከዚህ በትሕትና መጥቻለሁ። ግን ይህቺ ሴት በሬ ሸጣ ነው የመጣችው! ቤቷ የገባ መንገደኛ ሳይበላ ወጥቶ አያውቅም። ለማኝ የምታደርጋት አንተ ማን ነህ? የሰውን እናት፣ ያውም ከአላህ ቤት በር ላይ፣ በማይገባት ቋንቋ የምትሰድበው ምን ብታሳጣህ ነው? ሰላጣህን ውሰደው! መጋረጃህንም አውርደህ ልበሰው!

ይቅርታ። «እርስዎ» ለማለት ነው።

ወደ ቁጥሩ ልመለስ፤ እዚያ ስሆን እረጋጋለሁ። ሜኑው ታክስን ያካትታል ካለ፣ በ105 ሪያሉ ውስጥ 13 ሪያል ከ70 ሃላላ ገደማ ታክስ አስቀድሞ ተቀምጧል። በዚህ ሀገር ደንብ ለሸማች የሚለጠፍ ዋጋ ታክሱን የያዘ መሆን አለበት። እናንተ በታክሱ ላይ ታክስ ጫናችሁ፤ በመጋረጃው ላይም ታክስ፣ በአገልግሎቱ ላይም ታክስ። እሺ፣ መንግሥት ይጠቀም እንበል። ደረሰኙን አገላብጬ ሳየው ግን ኪውአር ኮድ የለውም። የኤሌክትሮኒክ ደረሰኝ ግዴታ የሆነው እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 4 ቀን 2021 ነው። በ3 ጀምሮ በ3 የሚያልቀው ባለ 15 አኃዝ የታክስ ቁጥርም የለበትም። በእስክሪብቶ የተጻፈ፣ ከደብተር የተቀደደ ወረቀት ነው። እንግዲህ 26 ሪያል ከ7 ሃላላዬ የሄደው ወደ መንግሥት ግምጃ ቤት ነው ብሎ የሚምልልኝ ሰው ካለ ወንድሜ ነው።

የመጋረጃው ነገር ግን ከሁሉ የበለጠ ይገርመኛል። ምግብ ቤቶች ለቤተሰብና ለወንዶች የተለያየ መግቢያ ይኑራቸው የሚለው ግዴታ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2019 ቀርቷል። መንግሥት የተወውን ግድግዳ እናንተ በጨርቅ ተክታችሁ ኪራይ ትሰበስቡበታላችሁ። ያውም ሦስት ቀለበት ለጎደለው!

እንዲህ ስጽፍ በዚህ ሀገር ክፍያ ሲጨመር አሁን ያየሁ እንዳይመስልዎ። ታክሱ እ.ኤ.አ. በጥር 2018 በ5 በመቶ ሲጀምር ነበርን፤ ሐምሌ 2020 ላይ 15 ሲሆንም ነበርን። ለስላሳ መጠጥ በ2017 50 በመቶ ሲጫንበት ሻይ ለመድን። በጥቅምት 2019 ሺሻ በሚያቀርቡ ቤቶች ላይ 100 በመቶ ክፍያ ወጥቶ፣ ሒሳባቸው እጥፍ የሆነባቸው ሰዎች ወረቀታቸውን ፎቶ እያነሱ ሲለጥፉ አብረን ስቀናል። ስለ ጥገኛ ቤተሰብ ወርኃዊ ክፍያማ አልናገርም፤ ስንቱ ሚስትና ልጁን ወደ ሀገር ቤት እንደሸኘ ራሱ ያውቀዋል። እነዚህ ግን በአዋጅ የመጡ ናቸው። ስለ እነሱ ማንም በእናቴ ፊት ኢቃማዬን አልነጠቀኝም።

ሀገሬም ብትሆን የምኮራባት በዚህ አይደለም። አዲስ አበባ ደህና ሆቴል ገብተው 100 ብር የሚል ምግብ ቢያዙ፣ 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅ ይደመርና በድምሩ ላይ 15 በመቶ ቫት ተጭኖ 126 ብር ከ50 ሳንቲም ይወጣል። ሜኑው ግርጌ የጉንዳን እግር በሚያህል ፊደል ይነገርዎታል። ልዩነቱ ያው መነገሩ ነው። ካሸሯም መታወቂያዎን ከጥርስ መጎርጎሪያ ጋር አታሰልፈውም።

የነጃሺንም ታሪክ አላነሳም። ከመካ የተሰደዱትን ተቀብሎ ያስጠለለ፣ አሳልፎ እንዲሰጣቸው የተላከለትን ስጦታ ሳይቀር የመለሰ ንጉሥ ነበረን እያልን በየሻይ ቤቱ አንስተን ጨርሰነዋል፤ አንድ ካሸር እንኳ በዚህ ተነክቶ ዋጋ ሲቀንስልን አላየሁም።

እርስዎ «ከሰሰኝ» እንዳይሉ ነው ያን ምሽት ዝም ያልኩት። ለምን እንዳልከሰስኩ ይገባዎታል፤ በደንብ ይገባዎታል፤ ባይገባዎት ኖሮ ኢቃማዬን አይጠይቁም ነበር። በሕጉ እኔ ይዤው መንቀሳቀስ ያለብኝን ካርድ እርስዎ መያዣ ሲያደርጉት፣ ይህ ሰው አይናገርም ብለው ነው። ለከፊሌ (ለስፖንሰሬ) ስልክ ይደወላል፣ ሥራ ይቀራል፣ ነገር ይበዛል ብሎ ዝም ይላል ብለው ነው። ልክ ነበሩ። ኢቃማ የሌለው የሀገሬ ልጅ ቢሆን ደግሞ ወረቀቱን እንኳ አያነብም፤ የተባለውን ጥሎ ይወጣል። ከእሱ ስንት መጋረጃ እንደሰበሰባችሁ አላህ ይወቀው።

አሁን የምጠይቀውን በአጭሩ ላስቀምጥ። ምግቡ 105፣ ውሃው 8። ውሃው ሱቅ አንድ ሪያል ቢሆንም ጠጥተነዋል፣ ይሁን። ሣጥኑንም እቀበላለሁ፤ 5 ሪያል። ድምር 118። የከፈልኩት 200 ነው። ልዩነቱ 82 ሪያል ነው። ይቅርታ አልጠይቅም፣ ማለቴ ይቅርታ ጠይቁኝ አልልም፤ ይቅርታ ከእናንተ ቤት ስንት እንደሚደመርበት አላውቅም። እናቴ ሀገሯ ገብታለች፤ አሁንም በየሶላቷ መካ ላስተናገዷት ሰዎች ዱዓ ታደርጋለች። አልነገርኳትም፤ አልነግራትምም። ገንዘቡን ግን እፈልገዋለሁ።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ጅዳና መካ ለምትኖሩ የሀገሬ ልጆች

ሜኑው ላይ ታክስ ተካቷል የሚል ካያችሁ ፎቶ አንሱት። ያላዘዛችሁት ሰላጣ ሲመጣ ሳትነኩት መልሱት። ኪውአር ኮድ የሌለው ወረቀት ሲሰጧችሁ ሌላ ጠይቁ። የንግድ ሚኒስቴር የአቤቱታ ስልክ 1900 ነው፤ ኢቃማችሁ የታደሰ ከሆነ ደውሉ። እኔ ይህን ደብዳቤ ከመላኬ በፊት ደውያለሁ።