ጳጉሜን በጃር

ጃቫ 8 በመጋቢት 2006 ዓ.ም. ሲወጣ የጃፓንን፣ የታይላንድን፣ የታይዋንንና የሂጅራን ዘመን አቆጣጠር ይዞ መጣ፤ የእኛን ተወው። ደግ አደረገ! አለዚያ የባሕር ዳር ፕሮግራመር ምን በልቶ ያድር ነበር?

ጣና ዳር ላለ አሣ ቤት ደረሰኝ ላይ «ጳጉሜን 3» ለማተም አይሲዩ4ጄ የተባለውን ላይብረሪ ይጭናል፤ ከ10 ሜጋባይት በላይ ነው። ከጳጉሜን ጋር የዕብራውያን፣ የቻይናና የሕንድ አቆጣጠር ይመጣል። እንግዳ አይመለስም። ላይብረሪ አምጪው ሜቨንም ቸር ነው፤ አንድ ላይብረሪ ሲጠሩት ዘመድ አዝማዱን ሳይጠየቅ ያስከትላል። ሁሉም ጃር በሚባል አንድ የጃቫ ፋይል ውስጥ ይታጨቅና «ፋት ጃር» ይባላል። ታንኳ ቢሆን ከደንገሉ ሳይርቅ በሰጠመ።

አሣ ቤቱ ግን በፍላሽ የተገለበጠለት ላይብረሪ የሌለበት ቀጭኑ ጃር ኖሯል። ስክሪኑ «ክላስ ኖት ፋውንድ» ይላል። ገንዘብ ተቀባይዋ ባንክ የሰጣቸውን የግድግዳ ካላንደር ቀና ብላ አየችና ቀኑን በእስክሪብቶ ጻፈችው።