ጀግናው ከምን ይበላል?

በእኛ ቤት አንድ ቴሌቪዥንና ሁለት ፓርቲ አለ። የልጅ ልጄ የጀብዱ ነው፤ ሰው ካልበረረ፣ ሕንፃ ካልተናደ ፊልም አይመስለውም። ባለቤቴ የማኅበራዊ ድራማ ናት፤ ሰው ካላለቀሰ አትረካም። እኔ ድምፅ የለኝም፤ ማጉረምረም ግን ማንም አልከለከለኝም። የምጠይቀውም አንድ ነገር ነው፦ እነዚህ ሰዎች ከምን ይበላሉ?

እስቲ በ2008 ዓ.ም. ቤታችን ገብተው አማርኛ መናገር የጀመሩትን የቱርክ ድራማዎች ተመልከቱ። ሰዎቹ ባሕሩን ቁልቁል በሚያይ ቪላ ይኖራሉ። ጠዋት ረጅም ጠረጴዛ ሙሉ ቁርስ ይደረደራል፤ ወይራው፣ አይቡ፣ ማሩ፣ ሻዩ በትንንሽ ብርጭቆ። አንዱ ዳቦ ይቆርሳል፣ ስልኩ ይጮኻል፣ ዓይኑ ይፈጣል፣ ሙዚቃው ይነሣል፣ ዳቦውን ጥሎ ይወጣል። ሚስቱ ትከተለዋለች። እናቱ በር ላይ ቆማ ታለቅሳለች። (አፏን ከዘጋች በኋላም አማርኛው ይቀጥላል።) ይህን ሁሉ ዘመን አንድ ሰው ጠግቦ ከገበታ ሲነሣ አላየሁም። «ምን ሠርተው ነው እንዲህ የሚኖሩት?» ስላት፣ ባለቤቴ የሥጋ ዘመዶቿ ይመስል «ሆልዲንግ አላቸው!» ብላ ትቆጣኛለች። ሆልዲንጉ ምን እንደሚሸጥ ግን እሷም አታውቅም። ቢሮ ይገባሉ፣ እዚያም ይጣላሉ፣ ይወጣሉ።

የልጁ ደግሞ ይብሳል። በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣውን «አቬንጀርስ» አስቀምጦ አሳየኝ። ሰማይ ተቀዶ ጠላት ይወርዳል፤ ኒውዮርክ ትፈርሳለች። ያን ሁሉ ፎቅ ማን ይጠግነዋል? ተከራዩስ የት ያድራል? የሚጠይቅ የለም። አለቀ ብዬ ልነሣ ስል «ቆይ አባባ፣ ከስም ዝርዝሩ በኋላ አለ» አለኝ። እውነትም አለ። ጀግኖቹ እንደዛሉ አንዲት ሻዋርማ ቤት ተቀምጠው፣ ቃል ሳይተነፍሱ ያላምጣሉ፤ ከኋላቸው የቤቱ ሰው ወለል ይጠርጋል። ከፊልሙ ሁሉ ያመንኩት ይህችን ነው። ሒሳቡን ማን እንደከፈለ ግን አላሳዩም። «ከጀግኖቹ ቶኒ ስታርክ እኮ ኩባንያ አለው» አለኝ ልጁ። እዚህም ሆልዲንግ!

በእኛ ጊዜ (ይኸው ጀመረው በሉኝ) መርካቶ ሲኒማ ራስ ገብተን ያየነው የሕንድ ፊልም እንጀራን አይደብቅም ነበር። የመህቡብ ኻንን የ1957ቱን «ማዘር ኢንዲያ» ማኅበራዊ ይሉታል። የሙሽራው እናት ለልጇ ሠርግ ከአራጣ አበዳሪ 500 ሩፒ ትወስዳለች፤ ሽማግሌ ተሰብስቦ ለአበዳሪው ይፈርዳል፤ ከዚያ ወዲያ ከምርቱ ሦስት አራተኛው ለወለድ ይሄዳል። ባልየውን ቋጥኝ ሁለት እጁን ይጨፈልቀዋል፤ አፍሮ ቤቱን ጥሎ ይጠፋል። ሚስቱ ራዳ ናት እርሻውን የምትገፋው።

የራሜሽ ሲፒን የ1975ቱን «ሾሌ» ደግሞ ጀብዱ ይሉታል። ፈረስ አለ፣ ባቡር ላይ ተኩስ አለ፣ ከሦስት ሰዓት በላይ ይፈጃል። የሚገርመው፣ እዚያም ሁለት እጁን ያጣ ሰው አለ፤ የቀድሞውን ፖሊስ ታኩርን ሽፍታው ጋባር ሲንግ በሰይፍ ቆርጦታል። ታዲያ የሽፍታው ሰዎች መንደር የሚወርዱት ምን ፍለጋ ነው? እህል! አራጣ አበዳሪው በደብተር የወሰደውን እነሱ በጠመንጃ ይወስዱታል፤ ልዩነቱ ፈረሱ ነው። ታኩር የቀጠራቸው ጃይና ቪሩም ቢሆኑ ለጽድቅ አልመጡም፤ ሌቦች ናቸው፣ ዋጋ ተነጋግረው ነው የገቡት። ጋባርን ለያዘ 50 ሺህ ሩፒ ተቆርጧል። ባሳንቲ ጋሪ ነጂ ናት፤ ምላሷ አያርፍም፣ እንጀራዋ ግን ከፈረሷ ከዳኖ ነው። እኔ ይህን ፊልም ከስንቱ አልቃሻ ድራማ በላይ ማኅበራዊ ነው እላለሁ።

መጨረሻውማ! መጀመሪያ ሲቀረጽ ታኩር ሽፍታውን በጫማው ረግጦ ይገድለው ነበር። ሳንሱር እንቢ አለ፤ ሰው በገዛ እጁ ፍርድ አይሰጥም ተባለ። ሰውየው እጅ እንደሌለው ያስታወሳቸው የለም። ስለዚህ ፖሊስ ደርሶ እንዲገላግል ተደረገ፤ ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ማለት ነው። ሳንሱሩ ሳያስበው ፊልሙን ከኑሮ ጋር ይበልጥ አመሳሰለው።

የእኛዎቹስ? ኃይሌ ገሪማ በ1976 እ.ኤ.አ. ባወጣው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ባለርስቱ ተቀምጦ ሲጮኽ፣ ጭሰኛው ሲለፋ ይታያል፤ ማን ከማን እንደሚበላ ለማወቅ ሆልዲንግ አያስፈልግም። የዛሬዎቹ ፍቅረኞች ግን ካፌ ገብተው ሁለት ማኪያቶ ያዛሉ፣ አረፋው ሳይወርድ ይጣላሉ፣ ሳይከፍሉ እያለቀሱ ይወጣሉ። አስተናጋጇ ትሪዋን ይዛ ታያቸዋለች። እኔ ብሆን በር ላይ እይዛቸው ነበር፤ ማኪያቶው ዛሬ ስንት እንደገባ አውቃለሁ። ጨዋ ዳይሬክተር ከተገኘ እነሱን ይተዋቸውና ካሜራውን ወደ አስተናጋጇ ያዙረው፤ ማታ ሥራ ስትጨርስ እስከ ታክሲ ሰልፉ ይከተላት። ሽፍታ ካስፈለገው ሲመሽ ታሪፍ እጥፍ የሚያደርግ ወያላ እዚያው አያጣም።