እምቢ ያሉበትን ቦታ አሳዩን

ደሴ ፒያሳ ቡና ይዘን ቁጭ ብለናል። «አባቶቻችን እምቢ ያሉባቸው ቦታዎች በእግር መንገድ ይያያዙ፤ በየቦታው ታሪኩ የተጻፈበት ሰሌዳ ይተከል» አልኩ። ቤቱ በአንድ አፍ ተነሣብኝ። መልሴን እንካችሁ።

«በአመፅ ታሪክ እንግዳ ይጠራል?»

ይጠራል! ወሎን በቁንጅናዋና በቅኝቶቿ ብቻ የሚያውቃት ግማሿን ነው የሚያውቃት። ባቲንና አምባሰልን ያዜመ አፍ እምቢ ማለትም ያውቅበታል።

«ከየት ልትጀምር ነው?»

ከቦሩ ሜዳ። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ የወሎ ሙስሊም ክርስትና ይነሣ አሉ። ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ ሼኽ ጦልሃ ጃዕፈር ግን ሸፈቱ። ሁለቱም የኛ ናቸው፤ አንዱን ጽፎ ሌላውን መዝለል የለም።

«ሴት የለችበትማ!» አለች ቡና የምታፈላው።

እታለም፣ ወርቂት አለችልሽ! ለቴዎድሮስ አልገብርም ያለች የወሎ ገዥ። ምኒልክ በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ ሲያመልጡ የተጠጉት እሷ ዘንድ ነው፤ በሰላም ወደ ሸዋ አሳለፈቻቸው። ልጇ ግን መቅደላ ላይ በቴዎድሮስ እጅ ነበርና ተገደለባት። ይህን ያነበበች እናት ሁሉ ሰሌዳው ሥር ቆማ ታለቅሳለች።

«የዋለልኝን ስምማ አትጽፍም!»

እጽፋለሁ! የወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት ተማሪ የነበረው ዋለልኝ መኮንን በ1962 ዓ.ም. ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ ጻፈ፤ በኅዳር 1965 ዓ.ም. ከጓዶቹ ጋር አውሮፕላን ሊጠልፍ ሲሞክር እዚያው ውስጥ ተገደለ። የሚያወድሰውም የሚረግመውም አለ። ሰሌዳ ምን እንደሆነ ይናገራል እንጂ ጽላት አይደለም፤ ማንም አይሰግድለትም።

«ሙዚየም አለን፣ ይበቃናል!»

በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ሙዚየማችን ሲዘረፍ አይተናል። በአንድ ቤት የተከማቸ ታሪክ በአንድ መኪና ይጫናል። በየሰፈሩ የተተከለውን ግን የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ይጠብቀዋል።

«ለድንጋይ ብሎ ማን ይመጣል?»

ከመቅደላ የተዘረፈውን ቅርስ ለማየት ሰው ለንደን ድረስ ይሄድ የለም እንዴ? የተዘረፈበት ተራራ እዚሁ ደቡብ ወሎ ነው! ኮምቦልቻ አየር ማረፊያ ለሚወርደው እንግዳ የመንገዱን ካርታ እዚያው በሩ ላይ ስቀሉለት። ሐረጎን ወጥቶ ደሴ ሲገባ የት እንደሚሄድ አውቆ ይግባ።

«ሁሉን ከጻፍክ ሁሉም ይጣላብሃል!»

አያ፣ ቦሩ ሜዳ የተጠመቁት ሚካኤል ኋላ ንጉሥ ሆኑ። ልጃቸው ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርድ እሳቸውም በተራቸው እምቢ ብለው ዘመቱ፤ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ ተሸንፈው ተማረኩ። እኚህ ሰው ደሴ ላይ ግብር ያበሉበትን አዳራሽ ስም ታውቃለህ፤ «አይጠየፍ» ነው። ሰሌዳችንም ማንንም አይጠየፍ።

የደሴና የኮምቦልቻ ሹሞች ሆይ፣ የመጀመሪያዋን ሰሌዳ ዘንድሮ ትከሉልን። አባቱ የነገሩትን የሚያስታውስ ሽማግሌ ዛሬ በየሰፈሩ አለ፤ እሱ ሳያልፍ ጠይቃችሁ ጻፉ።