በመዳፍ የሚመዘን መብራት

ጎተራ ስሙ የእህል ስለሆነ ይመስለኛል፣ የሰፈሩ ሰው የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ ሲገዛም እንደ ጤፍ ነው የሚመረምረው። አንሥቶ በመዳፉ መዘን ያደርግና «ከበድ ይላል፣ ጥሩ ነው» ብሎ ይፈርዳል። ክብደት አይናቅም፤ ትራንስፎርመሩም የሙቀት ማብረጃ ብረቱም ይመዝናሉ። ይህን የደረሰበት ብልጥ ሠሪ ግን ውስጡ ቁራጭ ብረት ጣል ያደርግበታል፤ እህል ላይ አሸዋ እንደሚጨምረው ነጋዴ።

ባለፈው አንድ ሱቅ ገብቼ «ጋሼ፣ 500 ዋት ነው፣ ኦሪጅናል!» ተባልኩ። መነጽሬን አውጥቼ ጎኑ ላይ የተለጠፈውን ሰንጠረዥ አነበብኩ፤ በ12 ቮልቱ መስመር 18 አምፔር ይላል። ሲባዛ 216 ዋት። ፕሮሰሰሩም ግራፊክስ ካርዱም በዋናነት የሚበሉት ከዚሁ መስመር ነው፤ የ5 እና የ3.3 ቮልቶቹ መዋጮ ለዕድር እንኳ አይበቃም።

«የቀረውስ ዋት የት ሄደ?» ብለው፣ ልጁ ሳያቅማማ፦

«ካርቶኑ ላይ አለልዎት።»

«80 ፕላስ» የሚለውም ምልክት ነበረበት። ከሶኬት ከሳበው ቢያንስ 80 በመቶውን ለኮምፒውተሩ ያደርሳል፣ የተረፈው ሙቀት ይሆናል ማለት ነው። ምልክቱ በጥፍሬ ሲነካ ተላጠ።

ከኋላ ያለችው ቀይ መቀየሪያ ደግሞ 115 ላይ ተረስታለች። የኛ መብራት 220 ነው፤ እንዲህ ከተሰካ የጥራት ምርመራው በድምፅና በጭስ ባንድ አፍታ ይጠናቀቃል።

«ዋስትና አለው?» አልኩት።

«እስኪሰካ ድረስ፣ ጋሼ።»