የጓሮ ገንዳ መደላድል አዋጅ

ስማ፣ ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!

ሞዓ ዋልካ ዘእምነገደ ቆላ፣ ስዩመ ሮቶ፣ የጓሮው ባለቤት፤ በመተማ ዮሐንስ ከቆርቆሮ ጥላ ሥር የተሰጠ። (ከተማችን ስሟን ያገኘችው በመጋቢት 1881 ዓ.ም. እዚሁ ከወደቁት ንጉሠ ነገሥት ነውና ማዕረግ ብንዋስ አይፈረድብንም።)

ከውጭ አገር የመጣ የአክስታችን ልጅ ጓሮ የሚቀመጥ የሙቅ ውኃ ገንዳ ይዞ ስለገባ፤ በሚያዝያ ሙቀቱ 40 ዲግሪ በሚያልፍበት አገር ሙቅ ውኃ ውስጥ መነከር ለምን እንዳስፈለገ ቢጠየቅ «ለወገብ ጥሩ ነው» ከማለት በቀር ማብራሪያ ስላልሰጠ፤ ጥቁሩ ሮቷችን ከቀኑ በስምንት ሰዓት የሚያወርደው ውኃ ያለ ማገዶና ያለ መብራት ቆዳ እንደሚልጥ እየታወቀ፤ ሆኖም እንግዳ ማስቀየም ነውር ስለሆነ፤ ገንዳው ግን በባዶ መሬት ከተጎለተ ነሐሴን ቀጥ ብሎ እንደማያይ ስለታመነበት፤ የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1። ይህ አዋጅ «የመደላድል አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። ባይጠቀስም አይከፋውም።

አንቀጽ 2። የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር፦

«ዋልካ» ማለት በበጋ እግር የሚውጥ ስንጥቅ የሚከፍት፣ በክረምት ውኃ ጠጥቶ እንደ ሊጥ ኩፍ የሚል፣ ሰሊጥና ማሽላ የሚያበላ፣ ግድግዳ ግን የሚያፈርስ ጥቁር አፈር ነው። ለእርሻ አባት ነው፤ ለቤት ባላጋራ።

«መሠረት» ማለት ተቆፍሮ የሚወጣ ነገር ነው። ሹም መጥቶ መጋረጃ ገልጦ፣ ፎቶ ተነሥቶ፣ ለስላሳ ጠጥቶ የሚሄድበት ድንጋይ መሠረት አይባልም። በዚህ ጓሮ የመሠረት ድንጋይ ያስቀመጠ ሰው ገንዳው እስኪያልቅ ድንጋዩ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።

አንቀጽ 3። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ነው። 1,500 ሊትር የሚይዝ ገንዳ ሲሞላ ውኃው ብቻ 15 ኩንታል ይመዝናል። ስድስት ዘመድ ሲገባበት ወደ 19 ኩንታል ይጠጋል፣ የገንዳው የራሱ ክብደት ሳይቆጠር። 19 ኩንታል ሰሊጥ አንድ ጥግ ተከምሮ አስቡት፤ ያውም ሰሊጡ እየሳቀና እየተንፈራገጠ።

አንቀጽ 4። ስለዚህ ይቆፈራል። የሚቆፈረውም በበጋ ነው፤ በሐምሌ መቆፈር ጭቃ ማማሰል ነው፣ በዚያ ላይ ሳሉጉ (ለእርሻ የመጣው የቀን ሠራተኛ) ሁሉ አረም ላይ ስለሆነ ዶማ የሚይዝ አይገኝም። ዋልካው ቢያንስ ግማሽ ሜትር ወጥቶ ይጣላል። ጥልቅ ከሆነ ቀጥሉ፤ «ይበቃል» የሚል ዘመድ ከጉድጓዱ አጠገብ እንዲርቅ ይደረጋል። በምትኩ ገረጋንቲ ይገባል፤ በአንድ ጊዜ ተገልብጦ ሳይሆን ስንዝር ስንዝር እየተነጠፈ፣ ውኃ እየተረጨ፣ እየተደቀደቀ። በላዩ ድንጋይ ይደረደራል፣ ክፍተቱ በጠጠር ይሞላል፣ ከዚያ ፌሮ ታስሮ ኮንክሪት ይፈስሳል፦ አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ ሁለት አሸዋ፣ ሦስት ጠጠር። አራተኛ እጅ አሸዋ ጨምሮ ሲሚንቶ አተረፍኩ ያለ ግንበኛ መጀመሪያ ገንዳው ውስጥ የሚገባው እሱ ይሆናል።

ኮንክሪት በቀትር አይፈስስም፤ ይህ ፀሐይ ውኃውን ቀድሞ ይጠጣዋል። ጎሕ ሲቀድ ይሞላል፣ የሰሊጥ ጆንያ ይለብሳል፣ ሰባት ቀን ጠዋትና ማታ ይጠጣል። ገንዳው እስከ 28 ቀን አይጫንበትም። በዚህ መሀል «ደርቋል እኮ» ብሎ በእግሩ የሚረግጥ አይጠፋም፤ ዶሮም ልጅም አጎትም ይከልከል። ልኩ በውኃ ልክ ይታያል። በዓይን የለካ ሰው ገንዳው ሲያዘነብል በዝቅተኛው በኩል ይቀመጣል።

አንቀጽ 5። ማስረጃ ለጠየቀ፦ ጎንደርን በ1628 ዓ.ም. በቆረቆሩት በአፄ ፋሲል ስም የሚጠራው መዋኛ በድንጋይና በኖራ ቆሞ ዛሬም ለጥምቀት ከቀሃ ወንዝ ይሞላል። የዚያን ግንብ የዋርካ ሥር አቅፎት ይኖራል፤ የእኛን ዋልካ ይውጠዋል። በአንዲት ፊደል የሚለያዩ ይመስላሉ።

አንቀጽ 6። ከገንዳው የሚፈስሰው ውኃ በቦይ ከመደላድሉ ይርቃል፤ ሥሩ ከገባ ዋልካው እንደገና ይነፋና እስካሁን የለፋነው ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ያቆረ ውኃ የወባ ትንኝ ይፈለፍልበታል፣ ስለዚህ ገንዳው ሳይከደን አያድርም። በዙሪያው የተሰነጠቀው መሬትም ይደፈን፦ ካላዛር የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ቀን ቀን የምትደበቀው እዚያ ስንጥቅ ውስጥ ነው። በዚህ አንቀጽ ላይ አንቀልድም።

አንቀጽ 7። «በአላህ ፈቃድ ይቆማል»፣ «እግዜር ያውቃል» እና «የጎረቤታችን ሳይቆፈር ቆሟል» የሚሉ ልማዳዊ አሠራሮች በዚህ አዋጅ በተመለከቱት ጉዳዮች ላይ ተፈጻሚነት አይኖራቸውም። የጎረቤታችን ሮቶ ከመስከረም ጀምሮ ወደ ድንበር ማዶዋ ገላባት አዘንብሏል።

አንቀጽ 8። አዋጁ የሚጸናው የሰሊጥ አጨዳ አልቆ፣ ሰውም ገንዘብም ሲገኝ ነው። እስከዚያ ገንዳው በማሸጊያው እንዳለ ማሽላ ይቀመጥበታል።

ማሳሰቢያ፦ ባለፈው ሰኔ ለግማሽ ቀን ብላችሁ ከዚህ ጓሮ የወሰዳችሁትን ውኃ ልክ መልሱልን።